በለድወይን፦ የባሌ ዝናብ የሚወርድባት የገበያ ከተማ

በዚህ ዓምድ ከአገር አገር እየዞርን ሰው እንዴት እንደሚኖር እንጨዋወታለን። ዛሬ የምንሄደው ወደ ጎረቤታችን ወደ ሶማሊያ ነው። ሩቅ አይደለም። እንዲያውም መንገድ የሚመራን ከእኛው አገር የሚነሳ ወንዝ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምታገኟቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ስታነቡ እንዳትደናገሩ።

ወንዙ ዋቢ ሸበሌ ነው። የሚነሳው ከባሌና ከአርሲ ደጋ ነው። ሶማሌዎች ወንዝን «ዌቢ» ይላሉ፣ ነብርን ደግሞ «ሸቤል» ይላሉ። እንግዲህ ስሙ የነብሮች ወንዝ ማለት ነው። ውሃው ከደጋው ወርዶ በኢሚ፣ በጎዴ፣ በቀላፎና በሙስታሂል ያልፋል። ፌርፌር ላይ ሲደርስ ወሰን ይሻገራል። ወሰኑን አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ አንዲት ትልቅ ከተማ ያገኛል። ይህች ከተማ በለድወይን ትባላለች። «በለድ» ከተማ ነው፣ «ወይን» ትልቅ ነው። ትልቂቱ ከተማ እንደማለት ነው። የሂራን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነች። ከሞቃዲሾ ወደ ሰሜን 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

አገሩ ቆላ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 200 ሜትር እንኳ አይሞላም። ፀሐዩ ይፋጃል። በዙሪያው ያለው መሬት ግራርና ቁጥቋጦ የበቀለበት ሜዳ ነው። አረንጓዴ የሚታየው በወንዙ ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ከወንዙ ትንሽ ራቅ ካላችሁ ግመልና ፍየል እንጂ ማሳ አታዩም።

ወንዙ ከተማይቱን በቀጥታ አያቋርጣትም። እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ነው የሚያልፋት። ስለዚህ ከተማይቱ ወንዙን በእቅፏ የያዘች ትመስላለች። እንዲያው እውነቱን ለመናገር ግን ያቀፋት ወንዙ ነው። አራት ዋና ዋና ሰፈሮች አሏት። አንደኛው ቡንዶወይን ነው፤ ትልቁ ድልድይ ማለት ነው። ሌላው ሐዎ ታኮ ይባላል። ሐዎ ታኮ በ1948 በሞቃዲሾ በነፃነት ትግል ጊዜ የተገደለች ሴት ነች፤ ሶማሌዎች እንደ ጀግና ያስቧታል። ሦስተኛው ሖልወዳግ ነው፤ ሥራን የሚጋራ፣ የሥራ ጓድ ማለት ነው። አራተኛው ኮሺን ይባላል።

ታዲያ ከተማ በዚህ ቦታ ለምን ተቆረቆረ? አንደኛው ምክንያት ውሃ ነው። ግመል የሚነዳ ሰው በበጋ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ ዳር ደግሞ እህል የሚያመርት ገበሬ አለ። አንዱ ወተትና ሥጋ አለው፣ ሌላው በቆሎና ማሽላ አለው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ገበያ ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት መንገድ ነው። ጣሊያን በ1930ዎቹ ኢትዮጵያን ሲወር ከሞቃዲሾ በበለድወይን አድርጎ ወደ ጅጅጋ የሚወስድ መንገድ ሠራ። መንገዱ የተሠራው ለጦር ነው፤ ነጋዴው ግን ጦሩ ከሄደ በኋላም ተጠቀመበት። በ1970ዎቹ ደግሞ ቻይናዎች ከበለድወይን እስከ ሰሜኑ ከተማ እስከ ቡርዖ ድረስ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ ሠሩ። እንግዲህ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄድ የጭነት መኪና ሁሉ እዚህ ያርፋል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ጭነት ያወርዳል።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ።

የከብት ገበያው አቧራ ነው። ግመል ያጉራል፣ ፍየል ይጮኻል። ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ የሆነው የሶማሌ በግም ብዙ ነው። ይህን በግ በእኛም አገር በምሥራቅ በኩል ያላችሁ ታውቁታላችሁ። እንስሳ በሚዛን አይሸጥም። ዓይን ነው የሚመዝነው። ገዢው የግመሉን ሻኛ ይዳብሳል፣ ጥርሱን ያያል፣ አካሄዱን ይመለከታል።

ዋጋው ግን በአፍ አይነገርም! ገዢና ደላላ እጅ ለእጅ ይያያዙና በላዩ ላይ ጨርቅ ወይም ኩታ ይጥሉበታል። ከጨርቁ ሥር ጣት ለጣት ይነካካሉ። የተያዘው ጣት ቁጥር ነው። አንድ ጣት እንደ ነገሩ 1 ወይም 10 ወይም 100 ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ይግባባሉ። አጠገባቸው የቆመ ሰው ግን ምንም አይሰማም። ገዢው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ደላላው እንደገና ጣቱን ይይዛል። ሲስማሙ ጨርቁ ይነሳል። ይህን ዘዴ ያወጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ዋጋው በአደባባይ ከተነገረ ሌላው ገዢ ይሰማና ገበያው ይበላሻል። ሻጩም ዛሬ በስንት እንደ ሸጠ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅበታል።

ደላላን እነሱም «ድላል» ነው የሚሉት፤ ቃሉ ለሁለታችንም ከዐረብኛ የመጣ ነው። በእኛ ዘንድ ደላላ ሲባል ስሙ ብዙም አያምር። እዚያ ግን ደላላው ትልቅ ኃላፊነት አለበት። ለእንስሳው ዋስ እሱ ነው። ነገ «ይህ ግመል የተሰረቀ ነው» የሚል ባለቤት ቢመጣ ገዢው የሚይዘው ደላላውን ነው። ስለዚህ ደላላው የማያውቀውን ሰው እንስሳ እንዲሁ አይሸጥም። «የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ?» ብሎ ይጠይቃል። ግመሉ ላይ ያለውን ምልክትም ያያል። እያንዳንዱ ጎሳ በግመሉ ላይ በጋለ ብረት የሚያኖረው ምልክት አለው፤ «ሱማድ» ይባላል። አንዱ መስመር ነው፣ ሌላው ቀለበት ነው፣ ሌላው መስቀለኛ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ ይህን ምልክት አይቶ የግመሉን አገርና ጎሳ ይነግራችኋል። እኔ ይህን ማንበብ ነው የምለው።

ከዚህ ገበያ የሚወጣው እንስሳ ግማሹ ወደ ሞቃዲሾ ለእርድ ይሄዳል። ሌላው ወደ ሰሜን፣ ወደ ባሕሩ ወደቦች ወደ ቦሳሶና ወደ በርበራ ይነዳል ወይም በመኪና ይጫናል። ከዚያ በመርከብ ባሕር ይሻገራል። ትልቁ ገዢ ሳውዲ ዐረቢያ ነው። የሐጅ ጊዜ ሲደርስ በግና ፍየል ይወደዳል። በገበያው ውስጥ ከኢትዮጵያ በኩል ወሰን ተሻግሮ የመጣ እንስሳም አለ። በምትኩ ሩዝ፣ ስኳር፣ ፓስታና ልብስ በዚያው መንገድ ወደ እኛ ይገባል። ወሰኑ በካርታ ላይ መስመር ነው፤ ለአርብቶ አደሩ ግን ሣርና ውሃ ያለበት ነው አገሩ።

የወተቱ ገበያ ደግሞ የሴቶች ነው። የግመል ወተት ሌሊት ይታለብና ከገጠር ይላካል። ዕቃው በእንጨት ጢስ የታጠነ ስለሆነ ወተቱ ቶሎ አይበላሽም፤ ጠረኑም ያንን ጢስ ጢስ ይላል። ገጠር ያለችው ሴት ትልካለች፣ ከተማ ያለችው ዘመዷ ትሸጥላታለች። ገንዘቡ ወይም በገንዘቡ የተገዛው ስኳርና ሻይ ቅጠል በዚያው መኪና ይመለሳል። ገዢው ነጋዴዋን በስሟ አይጠራም። ታላቅ ሴት ከሆነች «ኤዶ» ይላታል፤ አክስቴ ማለት ነው። ሽማግሌውን «አዴር» ይለዋል፤ አጎቴ እንደማለት ነው። እኩያውን «ወላል» ይለዋል፤ ወንድሜ ወይም እህቴ ማለት ነው። እኛ «ጋሼ፣ እትዬ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ስለ ምግብ ትንሽ ልጨምር። ጠዋት ጠዋት የሚበሉት «ዐንጄሮ» ይባላል። ስሙን ስትሰሙ እንጀራ አላላችሁም? ዘመዱ ነው። ዓይን አለው፣ ይቦካል። ግን ትንሽና ስስ ነው፣ የሚሠራውም ከጤፍ አይደለም፤ ከበቆሎ፣ ከማሽላ ወይም ከስንዴ ዱቄት ነው። በሻይ፣ በዘይትና በስኳር ወይም በጉበት ይበላል። ምሳ ሩዝ ወይም ፓስታ ነው፤ ፓስታውን ጣሊያን ትቶላቸው የሄደ ነው። ከሩዙ ጋር ሙዝ ይበላሉ። ለእኛ ይገርም ይሆናል፤ ለእነሱ ግን ሙዝ የሌለው ሩዝ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው።

የወንዙን ዳር የሚያርሱት ገበሬዎች በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሰሊጥና ሽንኩርት ያመርታሉ። ከእነዚህ ገበሬዎች መካከል ማካኔ የሚባሉ ከጥንት ጀምሮ በወንዙ ዳር የኖሩ ሰዎች አሉ። በደቡብ ሶማሊያ ገበሬው ማሽላውን በጉድጓድ ነው የሚያኖረው። ጉድጓዱን «በካር» ይሉታል። በሐረርጌ ያላችሁ አንባቢያን ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። «ጉ» ዋናው ዝናብ ነው፤ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ ነው። «ሐጋ» ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ ደረቅና ነፋሻ ነው። «ዴይር» ትንሹ ዝናብ ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። «ጅላል» ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ክፉ በጋ ነው። በጅላል ግመሉ ይከሳል፣ ወተት ይጠፋል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። የበለድወይን ሰው ሰማዩን አይቶ ብቻ ወንዙን ሊያውቅ አይችልም። ከተማው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሞልቶ ሊያድር ይችላል። ለምን? በሶማሊያ ውስጥ ከሚሄደው የሸበሌ ውሃ ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚመጣ ነው። ባሌ ላይ የዘነበው ዝናብ ከጥቂት ቀናት በኋላ በለድወይን ይደርሳል። በደጋ ያለ ገበሬ «ዘንድሮ ዝናቡ ጠገበ» ብሎ ሲደሰት፣ በታች ያለው ሰው ዕቃውን ጣራ ላይ ይሰቅላል።

ወንዙ በከተማው ውስጥ የውሃ መለኪያ አለው። ቁጥር የተጻፈበት ነው። ውሃው ወደ 8 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ሲጠጋ ወንዙ አፉ ድረስ ሞላ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ቤት ይገባል።

ስንት ጊዜ ገባ? በ1981 ገባ። በ1997 ኤል ኒኞ በሚባለው የአየር መዛባት ጊዜ ገባ፤ ያ ጎርፍ በደቡብ ሶማሊያ ሁሉ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በ2018 ገባ፣ በ2019 ገባ፣ በ2020 ገባ። በ2023 ግንቦት ወር የገባው በከፋ ጊዜ ነው የመጣው። ከዚያ በፊት በተከታታይ አምስት የዝናብ ወራት ዝናብ ጠፍቶ ሕዝቡ በድርቅ ተጎሳቁሎ ነበር። ከብቱ አልቋል። ዝናብ መጣ ሲባል ወንዙ ዳርቻውን ጥሶ ከተማይቱን ዋጣት። ከ200,000 በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ሰው ልጁን በትከሻው፣ ፍራሹን በራሱ ተሸክሞ በወገብ ልክ ውሃ ውስጥ ወደ ከፍታው ሄደ። ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ ሁሉ ውሃ ገባበት። በዚያው ዓመት በዴይር ወራት እንደገና ሞላ።

ጎርፉ ዝናብ ብቻ ያመጣው ነው ብዬ አላምንም። ከላይ ደኑ ሲመነጠር አፈሩ ታጥቦ ይወርዳል። ታች ሜዳ ላይ ሲደርስ ውሃው ቀስ ስለሚል አፈሩን ያራግፋል። የወንዙ አልጋ በየዓመቱ ከፍ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ድሮ ይበቃው የነበረው ቦይ አሁን አይበቃውም። ከታች በኩል ደግሞ ገበሬው በበጋ ውሃ ሲያጣ የወንዙን ግድግዳ ሰብሮ ወደ ማሳው ይመራዋል። ተጠምቶ ነው፤ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ሳይደፍነው ክረምት ይደርስና ወንዙ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ መንደሩን ያጠፋል። ቀድሞ ግድግዳውንና ቦዩን የሚጠግን መንግሥት ነበረ። በ1991 ማዕከላዊው መንግሥት ሲፈርስ የሚጠግን ጠፋ።

ጎርፍ ከሄደ በኋላ የሚመጣው ደግሞ በሽታ ነው። ከ1997 ጎርፍ በኋላ በኩሬው ትንኝ ተራባ። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባል በሽታ በኬንያና በደቡብ ሶማሊያ ገባ። ይህ በሽታ በግና ፍየልን፣ ግመልንና ከብትን ያስወርዳቸዋል፤ ግልገልንም ይገድላል። የታመመ እንስሳ ደም የነካ ወይም ጥሬ ወተት የጠጣ ሰውም ሊይዘው ይችላል። ሳውዲ ዐረቢያ ይህን ሰምታ በ1998 ከአፍሪካ ቀንድ እንስሳ አልገዛም አለች። ጥቂት ቆይታ ፈቀደች። በ2000 በራሷ አገር በሽታው ሲገኝ እንደገና ዘጋች፤ እስከ 2009 ድረስ አልከፈተችም። እስቲ አስቡት፤ ትንኝ በበለድወይን ኩሬ ተራባ፣ ባሕር ማዶ ገበያ ተዘጋ፣ ግመል ነጂው በጉን በርካሽ ሸጠ። የእኛ የምሥራቅ አርብቶ አደርም እንስሳው በእነዚያው ወደቦች ስለሚወጣ አብሮ ተጎዳ።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አልጽፍም፤ ሳልነካው ግን አላልፍም። ይህች ከተማ መንገድ ላይ ስለሆነች የሚያልፍ ጦር ሁሉ ይገባባታል። የኢትዮጵያ ጦርም በ2006 መጨረሻና በ2011 መጨረሻ ገብቶባታል። አልሸባብ የሚባለው ታጣቂ ቡድን መንገድ እየዘጋ ነጋዴውን ሲያስገብር፣ አርብቶ አደሩን ግመል ሲቀማ ኖረ። በ2022 የሂራን ገጠር ሰው «በቃን» ብሎ መሣሪያ አነሳ። ብዙዎቹ ሽርጥ ነው የሚያገለድሙት፤ ሽርጥን «ማዊስ» ስለሚሉት ታጣቂዎቹ «ማዊስሌ» ተባሉ። በዚያ ዓመት በከተማይቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ቦምብ ፈንድቶ ብዙ ሰው አለቀ። ገበያው ግን በማግሥቱ ቆመ። ወተት ለነገ አይቆይማ።

ለእናንተ ለአዲስ አንባቢዎች ደስ የሚላችሁን ነገር ወደ ኋላ አቆይቼው ነው። ሶማልኛ እስከ 1972 ድረስ መንግሥት የተቀበለው የራሱ ጽሕፈት አልነበረውም። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር የላቲን ፊደል ተመረጠለት። የእኛን ሐመሩን ሐ በአንድ ምልክት፣ ዐይኑን ዐ በሌላ ምልክት ይጽፉታል፤ እነዚህን ድምፆች እኛ በአማርኛ ብንረሳቸውም እነሱ አጥርተው ይናገሯቸዋል። በ1974 ትምህርት ቤቶች ተዘጉና ከ20,000 በላይ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። «የምታውቅ አስተምር፣ የማታውቅ ተማር» ይባል ነበር። የከተማ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ተሸክሞ ግመል ከሚነዳ ቤተሰብ ጋር ተጓዘ። ቀን ከብት አገደ፣ ማታ በእሳት ብርሃን አስተማረ። የጠጣው ወተት፣ የተኛበትም ምንጣፍ የእነሱ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ትልቁ ድርቅ መጣ። ሶማሌዎች «ደበዴር» ይሉታል፤ ባለ ረጅም ጅራት ማለት ነው፤ አልቆርጥ ስላለ ነው። ዘማቾቹ ጠመኔውን አስቀምጠው እህል ማደልና የታመመ ማንሳት ጀመሩ። ግን ብዙ ሰው ከዚያ በፊት ስሙን መጻፍ ለምዶ ነበር።

ዛሬ በበለድወይን ገበያ አብዛኛው ገንዘብ የሚተላለፈው በእጅ ስልክ ነው። ይህ በደቡብ ሶማሊያ የተስፋፋው ከ2011 ወዲህ ነው። ወተት ሻጯ ቁጥር ታያለች፣ «ደርሶኛል» ትላለች፣ ወተቱን ትሰጣለች። ባሕር ማዶ ያለ ልጅም ለእናቱ በዚሁ መንገድ ይልካል። የወንዙ ወሬም በሬዲዮና በስልክ መልእክት ይመጣል፦ ላይኛው አገር ዘንቧል፣ ውሃው ይህን ያህል ሜትር ደርሷል፣ ከወንዙ ዳር ራቁ ይላል። መልእክቱን ማንበብ የቻለ ሰው ሰሊጡን በጊዜ ጭኖ ወደ ከፍታው ይወጣል። ማንበብ ያልቻለው ልጁን ይጠራል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ዘንድ ይሄዳል።

ውሃው ሲጎድል ሰው ይመለሳል። ጭቃውን ከቤቱ ያወጣል፣ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ጎርፉ የተኛበት ረባዳ መሬት «ዴሼክ» ይባላል። ውሃው እንደ ሸሸ እርጥበቱ ሳይደርቅ በቆሎና ሰሊጥ ይዘሩበታል። ያ ደለል ከላይ ከእኛ ማሳ ታጥቦ የሄደ አፈር ነው። ጥሩ ያበቅላል ይላሉ።